ሲኬድ 11 ሰዓት፣ ሲመለስ 4 ሰዓት ተኩል? የዱባይና የጓንግዡ በረራ ሒሳብ

ጥያቄ፦ “ጋሼ፣ የምኖረው ዱባይ፣ ዴራ ነው። የልብስና የጫማ ንግድ ጀምሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቻይና፣ ጓንግዡ ልሄድ ነው። ትኬቱ ከዱባይ 10፡30 ተነስቶ ጓንግዡ 21፡45 ይደርሳል ይላል። መመለሻው ደግሞ 00፡15 ተነስቶ 04፡45 ይገባል። ሳሰላው መሄጃው 11 ሰዓት ከሩብ፣ መመለሻው 4 ሰዓት ተኩል ሆነብኝ። መንገዱ አንድ፣ አውሮፕላኑ አንድ! እንዴት ነው ነገሩ? ርቀቱንም ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። አንዱ ጋ 5,830፣ ሌላው ጋ 3,620፣ ሌላው ጋ 3,150 ይላል። የቱን ልመን?”

መልስ፦ እህቴ፣ አጭሩን ላስቀድምልሽ። ከኤርፖርት ኤርፖርት በአየር 5,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሄጃሽ 7 ሰዓት ከሩብ፣ መመለሻሽ 8 ሰዓት ተኩል ነው። 11ም 4ም የለም። ያየሻቸው ሦስት የርቀት ቁጥሮች ደግሞ ሦስቱም ልክ ናቸው። ጥድፊያ ካለብሽ እዚህ ጋ ማቆም ትችያለሽ። ግን ጥያቄሽ ውስጥ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፤ መሄጃውና መመለሻው እኩል አለመሆኑ። እሱን ሳላወራ ብቀር ያመኛል።

እኔ ብዙ ዓመት የሠራሁት በዲስፓቸርነት ነው። ዲስፓቸር ማለት አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት መንገዱን፣ ከፍታውን፣ ነዳጁንና የአየሩን ጠባይ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የሚያሰላ ሰው ነው። ተሳፋሪ አብራሪውንና አስተናጋጆችን ነው የሚያውቀው። እኛን የሚያውቀን የለም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ታዲያ ዝም ማለት አልችልም።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንፍታው። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁሉ የየከተማው ሰዓት ነው። 10፡30 የዱባይ ነው፣ 21፡45 የጓንግዡ ነው። ሁለቱን እንዳለ መቀናነስ ዩዋንን ከድርሃም እንደ መቀነስ ነው። መጀመሪያ መመንዘር አለብሽ። ምንዛሪው 4 ሰዓት ነው፤ ጓንግዡ ከዱባይ በ4 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ ጓንግዡ 21፡45 ላይ ስትደርሺ፣ እጅሽ ላይ ያለው ያልተቀየረ የዱባይ ሰዓት ገና 17፡45 ነው የሚለው። ከ10፡30 እስከ 17፡45 ቁጠሪ። 7 ሰዓት ከ15 ደቂቃ። በመመለሻው፣ ጓንግዡ 00፡15 ሲሆን ዱባይ ገና 20፡15 ነው፤ ያውም የዋዜማው ምሽት። ከዚያ እስከ 04፡45 ቁጠሪ። 8 ሰዓት ተኩል።

በነገራችን ላይ ከሁለቱ ከተሞች መሃል ያለው ሰማይ የሰዓት ጉራማይሌ ነው። ፓኪስታን ከዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ሕንድ በ1 ሰዓት ተኩል። ኔፓል ደግሞ በ1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ። ባንግላዴሽ 2፣ ምያንማር 2 ተኩል። ከዚያ የቻይናን ድንበር ስታልፊ በአንዴ 4 ይሆናል። ቻይና ያን የሚያህል ስፋት ይዛ አገሩን ሁሉ በቤጂንግ ሰዓት ነው የምታስተዳድረው። አብራሪዎቹ ግን ይሄ ሁሉ አይመለከታቸውም። ከዳር እስከ ዳር በአንድ የዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚሠሩት።

አንድ ነገር ልምከርሽ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሐበሻ ተሸውዷል። መመለሻሽ 00፡15 ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6፡15 ማለት ነው። ትኬቱ ላይ ቀኑ 12 ከሆነ፣ ኤርፖርት መገኘት ያለብሽ በ11ኛው ቀን ማታ ነው፣ በእኛ 3 ሰዓት አካባቢ። የአክስቴ ልጅ ይሄንን ስቶ ከነሙሉ ሻንጣው በ12ኛው ቀን ማታ ሄዶ ቆመ። አውሮፕላኑ ሄዶ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። አዲስ ትኬት ገዝቶ ነው የመጣው። ዛሬም ድረስ ቼክ ኢን ላይ የነበረችውን ልጅ ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የራሱ ነበር። ስለዚህ ስልክሽ ላይ ማስታወሻ ስትይዢ ቀኑንም ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢ። “ሌሊት 6” ብለሽ ከጻፍሽ ነገር ይበላሻል።

አሁን ወደ ርቀቱ። 5,830 በኪሎ ሜትር ነው። 3,620 በተለመደው ማይል ነው። አንድ ማይል 1,609 ሜትር ገደማ ነው። 3,150 ደግሞ በኖቲካል ማይል ነው፤ የመርከብና የአውሮፕላን ሰው የሚጠቀምበት፣ አንዱ 1,852 ሜትር። ድረ ገጾቹ መለኪያውን በትንሽ ፊደል ጥግ ላይ ይጽፉታል፤ አንዳንዴ ጭራሽ ይረሱታል። የተሳሳተ የለም። አንዱ በክንድ፣ አንዱ በሜትር የለካው አንድ ጨርቅ ነው።

ይህ 5,830 የሚባለው ራሱ ምንድን ነው? ሁለቱን ኤርፖርቶች በመሬት ሉል ላይ የሚያገናኝ አጭሩ መስመር ነው። ሉል ካለሽ ክር ወስደሽ አንዱን ጫፍ ዱባይ፣ ሌላውን ጓንግዡ ላይ አድርገሽ ወጥሪው። ዱባይ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 25 ዲግሪ ላይ ናት፣ ጓንግዡ 23 ላይ። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ብታሰምሪ በ24 ዲግሪ አካባቢ ተጋድሞ የሚሄድ መስመር ነው የምታገኚው። የተወጠረው ክር ግን እንዲያ አይሄድም። ወደ ሰሜን ጎበጥ ይላል። አጋማሹ ላይ 27 ዲግሪ አልፎ ደቡብ ኔፓልን ነክቶ ነው የሚያልፈው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው “ኦ፣ ስንት መንገድ አሳጠረ!” ይላል። እውነቱን ልንገርሽ፣ በዚህ መስመር ላይ ትርፉ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለአውሮፕላን የሦስት ደቂቃ መንገድ ነው። የክሩ ጉብጠት ትልቅ ትርፍ የሚያመጣው ወደ ዋልታ ለሚጠጉ ረጃጅም በረራዎች ነው።

ግን ያ 27 ዲግሪ የሚለውን ቁጥር አስታውሺው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አውሮፕላን በክር ላይ አይሄድም። ሰማይ ላይም መንገድ አለ። ስም ባላቸው ነጥቦች የተያያዘ መስመር ነው፤ ስማቸውም ባለ አምስት ፊደል የተፈጠረ ቃል ነው። ከዱባይ የተነሳ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ የኦማንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ፣ ሕንድን አቋርጦ፣ በባንግላዴሽና በምያንማር በኩል ወደ ቻይናዋ ዩናን ግዛት ይገባል። ከዚያ ጓንግሺን አልፎ ጓንግዡ ይወርዳል። ጠቅላላው 6,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይመጣል። ቀኑ ሲለያይ ትንሽ ይጨምራል፣ ትንሽ ይቀንሳል።

ለምን ይዞራል? አንደኛው ምክንያት ሂማላያ ነው። ተራራው ረዝሞ አውሮፕላኑን ስለሚነካ አይደለም፤ አውሮፕላኑ 11 ሺህ ሜትር ላይ ነው ያለው። ችግሩ ካቢኑ ድንገት አየር ቢያፈስ ነው። ያኔ አብራሪው ቶሎ ብሎ ወደ 3,000 ሜትር አካባቢ መውረድ አለበት፣ ሰው ያለ ጭንብል እንዲተነፍስ። ከጣሪያ የሚወርደው ጭንብል የሚሰጠው ኦክስጅን በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ከሥርሽ ባለ 7 እና 8 ሺህ ሜትር ተራራ ካለ ግን ወዴት ትወርጃለሽ? ስለዚህ ዲስፓቸር ሂማላያን እያየ ነው መስመር የሚያሰምረው። ሁለተኛው ምክንያት የጦር ሠራዊት ክልል ነው። ቻይና ውስጥ የሰማዩ ትልቅ ክፍል በሠራዊቱ እጅ ስለሆነ ለሲቪል አውሮፕላን የተተወው መንገድ ጠባብ ነው። ሦስተኛው ፖለቲካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፓኪስታን ከሕንድ ጋር ተጋጭታ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ሰማይዋን ስትዘጋ፣ ከገልፍ ወደ ዴልሂ የሚሄደው አውሮፕላን ሁሉ በአረብ ባሕር በኩል ይዞር ነበር። ካርታው ላይ ርቀቱ ያው ነው። ሰዓቱ ግን ጨመረ።

ቻይና ስትገቢ አንድ የማታስተውይው ነገር ይፈጠራል። በሌላው ዓለም በአብዛኛው የአውሮፕላን ከፍታ የሚሰጠው በጫማ ነው። ቻይና ግን በሜትር ነው የምትሰጠው። ስለዚህ ከምያንማር ድንበር ሲያልፍ አውሮፕላኑ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ ከቻይና መደርደሪያ ጋር እንዲገጥም። ሻይሽ እንኳ አይነቃነቅም።

እሺ፣ አሁን ወደ ዋናው። ሰዓቱን አስተካክለን እንኳን መሄጃው 7 ሰዓት ከሩብ፣ መመለሻው 8 ሰዓት ተኩል ነው። 1 ሰዓት ከሩብ የት ገባ?

አንዳንድ ሰው “መሬት ስለምትዞር ነው” ይላል። አይደለም። መሬት ስትዞር አየሩንም ይዛ ነው የምትዞረው። መሬት ብቻዋን ከሥራችን ብትሸሽ ኖሮ፣ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን ነበር ቶሎ የሚደርሰው። የሚሆነው ተቃራኒው ነው።

ነገሩ ነፋስ ነው። አውሮፕላን በአየር ውስጥ የሚሄድ እንጂ በመሬት ላይ የሚሄድ ነገር አይደለም። ወንዝ ላይ ያለች ታንኳ አስቢ። ቀዛፊው እኩል ጉልበት ነው የሚያወጣው። ከውኃው ጋር ሲወርድ ዛፎቹ በፍጥነት ያልፉታል። ወደ ላይ ሲቀዝፍ ያው ዛፍ አጠገቡ ተገትሮ ይቀራል። አየርም እንደዚያ ይፈሳል። የአውሮፕላኑ ፍጥነት በአየሩ ውስጥ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲሄድም ሲመለስም አይቀየርም። የሚቀየረው አየሩ ራሱ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው።

በቁጥር እንየው። መንገዱን 6,000 ኪሎ ሜትር እንበል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በአማካይ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ አለ እንበል። ስትሄጂ ከኋላ ይገፋሻል። 900 ላይ 80 ሲደመር 980 ነው። 6,000ን ለ980 አካፍዪ፤ 6 ሰዓት ከ7 ደቂቃ። ስትመለሺ ፊት ለፊት ይመጣብሻል። 900 ሲቀነስ 80፣ 820። 6,000 ለ820፣ 7 ሰዓት ከ19 ደቂቃ። ልዩነቱ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። ትኬትሽ ላይ ካለው ጋር ከሞላ ጎደል ገጠመ።

እዚህ ጋ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ነገር አለ። ሰው “ሲሄድ ያተረፈውን ሲመለስ ይከስራል፣ ተቻችሎ ዜሮ ነው” ይላል። ዜሮ አይደለም። ነፋስ ባይኖር ደርሶ መልሱ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነበር። በነፋስ ግን 13 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ሆነ። ነፋሱ 150 ቢሆን ደግሞ መሄጃው 5 ሰዓት ከ43፣ መመለሻው 8 ሰዓት ይሆናል፤ ድምሩ 13 ሰዓት ከ43። ነፋሱ በጠነከረ ቁጥር ደርሶ መልሱ ይረዝማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ነፋሱ ከሚያግዝሽ ሰዓት ይልቅ የሚታገልሽ ሰዓት ይበዛል። በሚጠቅምሽ ጊዜ ቶሎ ጥለሽው ትሄጃለሽ። በሚጎዳሽ ጊዜ ግን ረጅም ሰዓት አብረሽው ትቆያለሽ።

አሁን 27 ዲግሪን አስታውሺ። በክረምት፣ ማለትም በሰሜን ንፍቀ ክበብ ቅዝቃዜ ወራት፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሮጥ ጠባብ የነፋስ ወንዝ አለ። ጄት ስትሪም ይባላል። ይሄኛው፣ የደቡቡ ቅርንጫፍ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሰሜን ሕንድ ላይ፣ ከሂማላያ እግር ሥር፣ በ27 ዲግሪ አካባቢ ይተኛል። ከፍታው 12 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ አየሽው? አጭሩ መስመርሽ የሚያልፈው እዚያው ላይ ነው፤ አውሮፕላንሽ የሚበርበትም ከፍታ ከዚያ ብዙ አይርቅም። መሃሉ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ማየት የተለመደ ነው። ወደ ጓንግዡ ለሚሄድ በረከት ነው። ወደ ዱባይ ለሚመለስ ግን ፊት ለፊት የተጋረጠ ግድግዳ ነው።

ይህንን ነፋስ ቀድሞ በደንብ የለካው ጃፓናዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነው፣ ዋሳቡሮ ኦይሺ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ታቴኖ በሚባል ቦታ፣ ከቶኪዮ ብዙም ሳይርቅ፣ ፊኛ እየለቀቀ በመነጽር ይከታተል ነበር። ክረምት ላይ ፊኛዎቹ ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ፍጥነታቸው የሚታመን አልነበረም። ጻፈው። ግን ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ብሎ፣ ለዓለም የጋራ መግባቢያ ተብሎ በተፈጠረው ቋንቋ፣ በኤስፔራንቶ ጻፈው! ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ነገሩ ለብዙዎች ግልጽ የሆነላቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው፣ የአሜሪካ ቦምብ ጣዮች ጃፓን ላይ ሽቅብ ወጥተው ከዚያ ነፋስ ጋር ሲላተሙ። እኔ ይሄን ታሪክ የተማርኩ ቀን ለሰውየው አዘንኩለት።

የዲስፓቸር ሥራ እዚህ ላይ ነው ጨዋታ የሚሆነው። እኛ አጭሩን መንገድ አንፈልግም። ቶሎ የሚያደርሰውን ነው የምንፈልገው። ለምሳሌ ሁለት መስመር አለ እንበል። አንዱ 5,950 ኪሎ ሜትር ሆኖ ከኋላ የሚገፋው ነፋስ 60 ነው። ሌላው 6,150 ሆኖ ነፋሱ 120 ነው። የመጀመሪያው 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለተኛው 200 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ግን 6 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ነው። ረጅሙ በ10 ደቂቃ ይቀድማል። ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው ከነፋሱ መሸሽ ነው። ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ አንዳንዴም ዝቅ ወዳለ ከፍታ ወርዶ ጉልበቱ የላላበትን ቦታ መፈለግ። ስለዚህ አንዳንድ ቀን የመሄጃሽና የመመለሻሽ መስመር አንድ አይደለም። “መንገዱ አንድ” ያልሽው ላይ ትንሽ ላርምሽ የምፈልገው ይቺን ነው። አንድ ሰዓት ማለት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ዱባይ ላይ በብዛት የምታይው ቦይንግ 777 በሰዓት 7 ቶን ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል።

ወሩስ? ወሩ ብዙ ይለውጣል። ጃንዋሪ ላይ የመሄጃና የመመለሻው ልዩነት ወደ ሁለት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ግን ያ ነፋስ ከቲቤት አምባ በስተሰሜን ይሸሻል። ሕንድ ላይ ዝናቡ ይገባል። በላዩም ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ሌላ ነፋስ ይመጣል። ያኔ ልዩነቱ ወደ ደቂቃዎች ይወርዳል። ይሄ የምሥራቅ ነፋስ እኛንም ያውቀናል። አረብ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ኢትዮጵያ ሰማይ ይደርሳል፤ የአየር ትንበያ ባለሙያዎች የክረምታችንን ዝናብ ሲገምቱ የሚያዩት አንዱ ነገር እሱ ነው። ከጓንግዡ ስትመለሺ አውሮፕላንሽን የሚገፋውና አዲስ አበባ ላይ ጃንጥላሽን የሚያስዘረጋሽ ነገር ዝምድና አለው ማለት ነው።

ለነጋዴ የሚመቸው ወር ግን ከነፋሱ ጋር አይገጥምም። ነፋሱ መሄጃውን በደንብ በሚያግዝበት ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ፣ የቻይና አዲስ ዓመት ሆኖ ፋብሪካውም ሱቁም ይዘጋል። ትልቁ የካንቶን (የጓንግዡ የድሮ ስም ነው) የንግድ ትርዒት የሚደረገው በዓመት ሁለቴ ነው፤ በኤፕሪልና በኦክቶበር አጋማሽ ይጀምራል። ያኔ ነፋሱ መካከለኛ ነው። ሆቴሉ ግን ይወደዳል።

አሁን አንድ ነገር ትያለሽ፤ “በሒሳብህ መሄጃው 6 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ነው። ትኬቱ ግን 7 ሰዓት ከሩብ ይላል። ሌላው 1 ሰዓትስ?” ጥሩ ጥያቄ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት አየር ላይ ያለሽበት ብቻ አይደለም። የሚቆጠረው ጎማው ሥር ያለው ታኮ ተነስቶ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት ደቂቃ ጀምሮ፣ ሌላው ከተማ ደርሶ ታኮ እስኪገባለት ድረስ ነው። እኛ ብሎክ ታይም እንለዋለን። አዎ፣ የጭነት መኪና ረዳት ዳገት ላይ ከጎማ ሥር የሚወትፈው ያው ታኮ። ዱባይ ላይ ከጌት ወጥቶ ተራ ጠብቆ መነሳት፣ ጓንግዡ ላይ አርፎ እስከ ጌት መሄድ፣ ሁለቱ ተደምረው 35 ደቂቃ ያህል ሊሆኑ ይችላሉ። ሽቅብ ሲወጣና ሲወርድ ፍጥነቱ 900 ስላልሆነ 15 ደቂቃ ጨምሪ። ከዚያ አየር መንገዶች መጠባበቂያ ይጨምራሉ። ሩብ ሰዓት ያህል። “ቀድመን ደረስን” ተብሎ በማይክሮፎን ሲነገር የምታጨበጭቢለት ነገር ብዙ ጊዜ ይሄው መጠባበቂያ ነው።

መጠባበቂያው ግን ለጓንግዡ ያስፈልጋል። አካባቢው ጠባብ ነው። ሆንግ ኮንግ፣ ሼንዠን፣ ማካው፣ ዡሃይና ጓንግዡ፣ አምስት ኤርፖርት በአንድ ወንዝ አፍ ዙሪያ ተፋፍገዋል። በጋቸው ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ከመጣ አውሮፕላኑ አየር ላይ ይዞራል፣ ወይም ዱባይ ላይ ሳይነሳ እንዲቆይ ይደረጋል። አውሎ ነፋስ ቲፎን ከመጣማ ጨዋታው ሁሉ ይቀራል። የጓንግዡው ባዩን ኤርፖርት ደርሰሽ ደግሞ መሃል ከተማ ለመግባት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀርሻል። ሜትሮ አለው። ማታ 3፡45፣ በፈረንጅ 21፡45 አርፈሽ ኢሚግሬሽንና ሻንጣ ስትጨርሺ ግን የመጨረሻው ባቡር ሊያመልጥሽ ይችላል። ሆቴልሽን አስቀድመሽ በቻይንኛ አስጽፈሽ ያዢ።

ትራንዚት ያለው ርካሽ ትኬት ካየሽ፣ ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን መሬት ላይ የምትቆይበትን ሰዓት እዪ። በባንኮክ ብትሄጂ ዱባይ ባንኮክ 4,900፣ ባንኮክ ጓንግዡ 1,700 ገደማ ነው። ድምሩ 6,600። ከቀጥታው የሚበልጠው በ800 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፤ አየር ላይ አንድ ሰዓት ገደማ። ቀኑን የሚበላው ባንኮክ ላይ የምትቀመጪበት ስድስትና ሰባት ሰዓት ነው። ትኬትሽ ላይ የትኛው የዱባይ ኤርፖርት እንደሆነም አረጋግጪ። ከተማዋ ሁለት አላት፤ ዴራ አጠገብሽ ያለው አንዱ ነው፣ ሌላው ጀበል አሊ በኩል ነው። ታክሲው ተሳስቶ ቢወስድሽ ሌላ ወሬ ነው።

አዲስ አበባ ያለች እህትሽ አብራሽ ትነግድ እንደሆነ፣ ይቺን ለእሷ ንገሪያት። ከቦሌ ጓንግዡ በቀጥታ 8,040 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከቦሌ ዱባይ 2,500፣ ከዱባይ ጓንግዡ 5,830፤ ሲደመር 8,300 ትንሽ ከፍ ይላል። ልዩነቱ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዱባይ ለአዲስ አበባ ሰው ከመንገድ የወጣች አይደለችም። አንቺ ጋ ጎራ ብላ ብትሄድ ነፋሱም ኪሎ ሜትሩም አይከለክላትም። የሚከለክላት ቪዛ ብቻ ነው።

መቀመጫ ስትመርጪ፣ ስትሄጂ ቀን ነውና ግራውን መስኮት ያዢ። ሰሜኑ በዚያ በኩል ነው። አውሮፕላኑ ወደ ሰሜን ተጠግቶ ከሄደና ሰማዩ ከጠራ፣ ከተነሳሽ ሦስት አራት ሰዓት ሲሆን ከአድማሱ ላይ ነጭ መስመር ታያለሽ። ደመና ይመስልሻል። ደመናው ካልተነቃነቀ ሂማላያ ነው። ስትመለሺ ሌሊት ስለሆነ የትም ብትቀመጪ ልዩነት የለውም፤ 8 ሰዓት ተኩሉን ተኚበት።